የጋሽ ሚሊሜትር አጎበር

አባቴ ትንኝ ነክሳው እንደማታውቅ የሚናገረው፣ ሌላ ሰው ሹመቱን በሚናገርበት ድምፅ ነው። ደሙ መራራ ስለሆነ ነው ይላል። እናቴ ደግሞ መራራው ምላሱ ነው ትላለች፤ ትንኝ እዚያ ድረስ እንዳልደረሰች እያወቀች።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም። ኮሌታው ሥር ሁልጊዜ ክር የገባባቸው ሁለት መርፌዎች ይሰካል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። ደንበኛ መጥቶ "ትንሽ ሰፋ አድርግልኝ" ሲለው፣ "ትንሽ ማለት ስንት ነው?" ብሎ ስለሚያፋጥጠው ሰፈሩ ጋሽ ሚሊሜትር ብሎታል። የወጣለትን ስም ይወደዋል። እሱም በተራው ለእኔ አውጥቶልኛል፤ ድምፄ ከስፌት መኪናው ጩኸት በላይ ተሰምቶ ስለማያውቅ ሹክሹክታ ይለኛል።

ታላቅ እህቴ የመስኖ መሐንዲስ አግብታ ወንዝ ዳር ባለች ሞቃት ከተማ ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ዕለት አባቴ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ "ሴት ናት" ሲል ዋለ። አንዳንዱ ማን እንደወለደ እንኳ ሳይገባው "እንኳን ደስ ያለህ" ብሎ አለፈ። ወዲያው ደግሞ ትንሽዬ ቀሚስ መቁረጥ ጀመረ። ሳይለካ የቆረጠው ልብስ እስከዛሬ ያ ብቻ ነው።

አባቴና እናቴ ሊሄዱ ሲነሱ እህቴ አንድ ነገር ብቻ ለመነች። ከመምጣታችሁ በፊት የጉዞ ጤና ክፍል ሄዳችሁ ሐኪም ያማክራችሁ፣ ሁለታችሁንም፣ አለች።

"ልጄን ልጠይቅ ነው እንጂ ጨረቃ ላይ ልወጣ ነው እንዴ?" አለ አባቴ ከመኪናው ቀና ሳይል።

"ሁለታችሁም ብላለች" አለች እናቴ።

"አንቺ ሂጂና ለእኔም ስሚልኝ።"

"ላንተ ልስማ፣ ላንተ ልዋጥ፣ ላንተ ልነከስ። ሌላስ? ተነስ አንተ ሰውዬ።"

ተነሳ። እናቴ ነጠላ ቃል እንኳ እንዳታመልጣት ብላ እኔንም አስከተለች። በኋላ እንደታየው፣ ቃሉ ያመለጠው እኛን አልነበረም።

የጉዞ ጤና ክፍሉ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ ተለጥፏል፤ ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ ዕቃ የታሸገች አንዲት የሞተች ትንኝ ተቀምጣለች። አባቴ አጎንብሶ አያት።

"ለዚች ነው ሥራ አስፈትታችሁ ያመጣችሁኝ?" አለ።

ዶክተሯ የእህቴ እኩያ ትሆናለች። ቀስ ብላ የምትናገር፣ ለመሳቅ የማትቸኩል ሴት ናት። የት እንደምንሄድ፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ የምናድርበት ቤት መስኮቱ ወንፊት እንዳለው፣ ማታ ውጭ እንቀመጥ እንደሆነ ጠየቀች። መላሿ እናቴ ነበረች።

"እኔ አልሄድም፣ እነሱ ናቸው" አልኩ እኔ። ማንም የሰማኝ አልመሰለኝም።

"አባባ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"የለም" አለ አባቴ።

"የግፊት አለው" አለች እናቴ።

"እሷ ትወስደው ይሆናል እንጂ እኔ አልወስድም።"

"ይወስዳል፣ እኔ አጠገቡ ስቆም። የማልቆምበት ቀን የለም።"

ዶክተሯ ጻፈች። "የማይስማማዎት ነገርስ? አለርጂ?"

"ፖሊስተር።"

መጻፍ ጀምራ እስክሪብቶዋን አቆመች። "ያሳክክዎታል?"

"ያናድደኛል።"

"ወባ ይዞዎት ያውቃል?"

"እኔን?" አባቴ ወንበሩ ላይ ተደላደለ። "ትንኝ እኔን አትነካኝም። ደሜ መራራ ነው።"

እናቴ ስለ ምላሱ ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ዶክተሯ ቀደመቻት። ትንኝ አንዱን ከሌላው አስበልጣ ልትነክስ እንደምትችል፣ ፈጽሞ የማትነክሰው ሰው ግን ገጥሟት እንደማያውቅ በትሕትና ነገረችው። ብዙ ሰው ሳያሳክከው፣ ሳያብጥበት ይነከሳልና አልተነከስኩም ብሎ ያምናል አለችው። አባቴ አልተከራከረም። ይሄ አስገረመኝ። ቀና ብዬ ሳየው፣ እሱ የሚያየው ፊቷን አይደለም። ዓይኑ ጋዋኗ ላይ፣ ከላይ ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ተተክሏል። ቁልፉ በአንዲት ክር ተንጠልጥሏል።

"ዶክተር፣ ሊወድቅ ነው።"

"ምኑ?"

"ቁልፉ።"

ዝቅ ብላ አየችው። "እሱ እንኳ ሰንብቷል። በኋላ አሰፋዋለሁ።"

"በኋላማ መሬት ላይ ነው የሚያገኙት።" ነጩን መርፌ ከኮሌታው ሥር መዞ፣ ወንበሩን እየጎተተ ተጠጋት። "አይንቀሳቀሱ ብቻ። መናገሩን ይናገሩ፣ እኔን አይረብሸኝም።"

እናቴ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ዶክተሯ ምን እንደምትል ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች። እኔም ግራ ገብቶኝ ትንኟን አየሁ። መጨረሻ ላይ፣ ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው አንገቷን እንኳ ሳታዞር ምክሯን ቀጠለች።

የወባ መከላከያው ክኒን ከጉዞው በፊት ይጀመራል አለች፤ እዚያ እያላችሁ ይወሰዳል፣ ከተመለሳችሁም በኋላ እስከተባለው ቀን አይቋረጥም።

"እህ" አለ አባቴ፣ መርፌውን ከሥር ወደ ላይ እያወጣ።

የወባዋ ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት ነው የምትነክሰው። ሌላ በሽታ የምታመጣ፣ በቀን ብርሃን የምትነክስ ደግሞ አለች፤ ለሷ የሚዋጥ ክኒን ስለሌለ መፍትሔው አለመነከስ ነው። ስለዚህ ማባረሪያ ቅባቱ ቀንም ማታም አይቀርም።

"እህ።"

"ለሕፃኗ የምሰጣችሁ አጎበር በመድኃኒት የተነከረ ነው። ዋናው ነገር እሱ ነው አባባ። ቶሎ ቶሎ አይታጠብም። ከታጠበም በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ነው፤ ጥላ ላይ ይሰጣል። በረኪና አይነካውም። ካውያ አይነካውም። እየሰሙኝ ነው?"

"እህ" አለ አባቴ፣ ክሩን በቁልፉ ሥር እየጠመጠመ። ምላሱን በጥርሱ ይዟል፤ ይህን የሚያደርገው ነገረ ዓለሙን ሲረሳ ነው።

"ልብስ ደግሞ ሰፊ፣ ነጣ ያለ፣ እጅጌው ረጅም ቢሆን ይመረጣል።"

እዚህ ላይ ነቃ። "ሰፊ ማለት ስንት?"

"እንደልብ የሚያንቀሳቅስ።"

"እንደልብ የሚባል ልኬት የለም፣ ዶክተር።"

"ከሰውነት የማይጣበቅ ለማለት ነው። ጠባብ ከሆነ ትንኝ በጨርቁ አልፋ ትነክሳለች።"

"በእኔ ስፌት አልፋ?" አለ አባቴ። ቅር ብሎታል። ለጉዞው ብሎ አዲስ ጥቁር ሙሉ ልብስ አሰናድቷል፤ ወገቡ ላይ ጣት አያስገባም።

ክሩን በጥርሱ በጠሰና ቁልፉን ሁለት ጊዜ ጎተት ጎተት አደረገው።

"ሁሉም ነገር ግልጽ ነው?" አለች ዶክተሯ።

"ከእንግዲህ ዝሆን ቢጎትተው አይነቀልም" አለ አባቴ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በየፊናው ሄደ። እናቴ ለአራሷ ዕቃ ስትገዛ ውላ ታመሻለች፤ እኔም ሥራ እውላለሁ። ዶክተሯ የሰጠችን አጎበርና የሱ ክኒን ከአባቴ ጋር ሱቅ ቀሩ። ይህን ሳስብ፣ የሆነው ነገር ባይሆን ነበር የሚገርመው እላለሁ።

አንድ ቀን ማምሻውን ከሥራ ስመለስ ሱቃችን በር ላይ ሰው ቆሟል። ፊት ለፊት ያለው ሥጋ ሻጭ፣ ቢላዋውን በእጁ እንደያዘ መንገድ ተሻግሮ መጥቷል።

"ሙሽራዋ ማናት?" አለኝ።

አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ አየሁ። ከጣሪያው ላይ አንድ ነጭ ነገር ተንጠልጥሏል። ዓይን ይወጋል ንጣቱ። ታችኛው ጠርዝ ዙሪያውን በሽንሽን ተሠርቷል። በጎኑ በር ወጥቶለታል፤ በሩ የሚዘጋው በተርታ በተደረደሩ የሸሚዝ ቁልፎች ነው። ጥጉ ላይ የሱቁ ምልክት፣ መቀስና መርፌ፣ በሰማያዊ ክር ተጠልፏል። አባቴ ከሥሩ እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ ሐውልት ያስመረቀ ከንቲባ ይመስላል።

"አባዬ፣ ይሄ አጎበሩ ነው?"

"ነበረ" አለ። "ስፈታው ብታዪው ኖሮ ታለቅሺ ነበር። ስፌቱ ጠማማ፣ ጠርዙ ያልተዘመዘመ፣ ክሩ እየተንዘላዘለ። በዚያ ላይ ይሸታል። ለሕፃን ልጅ የፋብሪካ ጠረን ይወሰዳል? በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩት። በረኪና ሰጠሁት። ፀሐይ ላይ አዋልኩት። ፖሊስተር ስለሆነ እንዳይቀልጥ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌ ነው የተኮስኩት። አሁን ነይ አሽትቺው።"

አሸተትኩት። ምንም አይሸትም። ዶክተሯ አድርጉ ያለችው አንዱም አልተደረገም፣ አታድርጉ ያለችው አንዱም አልቀረም።

"ዶክተሯ እኮ በረኪና አይንካው ብላለች" አልኩ።

"መቼ?"

"ቁልፉን ስትሰፋላት።"

"ያኔማ ሥራ ላይ ነበርኩ" አለ አባቴ፣ ፍርድ ቤት የሚቀበለው ማስረጃ ያቀረበ ያህል።

ክኒኑንስ ጀመርክ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። የቁልፍ መሳቢያውን ስቦ አሳየኝ። ከነማሸጊያው፣ ከነጭ የሸሚዝ ቁልፎች ጋር ተቀምጧል። "ከነከሰችኝ እጀምራለሁ። እስክትነክሰኝ ምን አስቸኮለኝ?"

እናቴ ዕቃ ተሸክማ ገባች። አጎበሩን አየች፣ አባቴን አየች፣ ዕቃዋን እንደያዘች ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ገና ምንም ሳትናገር ስልኳ ጮኸ። እህቴ ነበረች። አባቴ እየሳቀ ስልኩን ከእጇ ቀማትና ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ፣ ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያ ጀምሮ ተረከላት። የፈላውን ውሃ፣ በረኪናውን፣ ሽንሽኑን፣ ጥልፉን። አንዱንም አላስቀረም። ሥጋ ሻጩ ጭምር በጥሞና ሰማ።

ከወዲያ በኩል ሕፃኗ ስታጉረመርም ይሰማል።

"ሰማሽኝ? በር አበጅቼለታለሁ።"

"ሰማሁህ" አለች እህቴ። "አባዬ፣ አንተ አትምጣ።"

"ምን አልሽኝ?"

"እማዬ ትምጣ። አንተ አትምጣ።" ድምፅዋ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን አየና፣ ሥራ እንዳለው ትዝ ብሎት ሄደ።

አባቴ ስልኩን እያገላበጠ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ነደደው። "በአጎበር ምክንያት? ለልጇ ብዬ ጣቴን እየወጋሁ በሠራሁት አጎበር ምክንያት ደጇን ልትዘጋብኝ? አመድ አፋሽ ነኝ እኔ። ድሮም አመድ አፋሽ ነኝ።"

"ጨረስክ?" አለች እናቴ።

"አልጨረስኩም።"

"እንግዲያው ጨርስ፣ እጠብቃለሁ።"

ተጠብቆ መቆጣት አይመችም።

"ክረምት ላይ" አለች እናቴ፣ ጉልበቷ ላይ ያለውን ዕቃ እያየች፣ "ልጅህ ሥራ በዝቶብኛል ብላ ሳትደውልልህ የከረመችው ሥራ በዝቶባት አይደለም። እርጉዝ ሆና ወባ ጥሏት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ፅንሱ ይተርፋል አይተርፍም እያሉ ነው የከረሙት። እኔም የሰማሁት ከዳነች በኋላ ነው።"

እኔም ይህን ያኔ መስማቴ ነበር። ከሱቁ ውጭ መኪና ሲያልፍ፣ አንድ ሰው ሲያፏጭ ይሰማኛል።

"ለእኔ ለምን አልተነገረኝም?" አለ አባቴ። ድምፁ የእኔን ያህል ሆነ።

"ምን ልትላት? የእኛን ደም ትንኝ አትነካም ልትላት?"

አባቴ የመኪናው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እጁን ወደ አንገቱ ሰዶ ሜትሩን አወረደና ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሜትሩ ከአንገቱ ሲወርድ ያየሁት ያን ቀን ነው። አንገቱ ሜዳ ላይ የቀረ መሰለ።

በማግስቱ አጎበሩን አጥፎ በከረጢት ከተተና፣ "ሹክሹክታ፣ ተነሺ" አለኝ። ፈቃድ ጠይቄ አብሬው ሄድኩ። መንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ሰው ሲያልፍ የኮቱን ትከሻ እንኳ አልተቸም።

ተራችን ደርሶ ስንገባ የዶክተሯ ጋዋን ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሎ አየሁት። እሷ የተቀመጠችው አንድም ቁልፍ የሌለው ሹራብ ለብሳ ነው።

"ጋዋንዎት ውጭ ቀርቷል" አለ አባቴ።

"ስምዎን ተራ ከሚጠብቁት መካከል ሳየው ነው ያወለቅኩት።"

"ምነው፣ ስፌቱ ለቀቀ?"

"አልለቀቀም። እንዲሰሙኝ ብዬ ነው።"

አባቴ አፉን ያዘ። ከዚያ ከረጢቱን ፈትቶ አጎበሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ትንኟን ከነብርጭቆዋ ሸፈናት። ዶክተሯ ሽንሽኑን በጣቶቿ ዳሰሰች፣ አንዱን ቁልፍ ከፈተች፣ ዘጋች።

"እንዴት ያምራል" አለች። ከልቧ ነበር።

"ማማሩ ያምራል።" እንዲህ ተከፍቶ ሙገሳ ሲቀበል አይቼው አላውቅም። "በረኪና ነክቶታል። ካውያም ነክቶታል። ግን ዶክተር፣ ቀዳዳውን አላሰፋሁትም። በእኔ ስፌት አንዲት ትንኝ አታልፍም።"

"አታልፍም" አለች ዶክተሯ። "ግን ሕፃኗ ተኝታ ስትገላበጥ ክንዷ መረቡ ላይ ቢያርፍስ? ትንኟ መግባት አያስፈልጋትም። ከውጭ ቆማ በቀዳዳው ትነክሳታለች። ያኔ ትንኟን የሚገድላት መረቡ አይደለም፤ መረቡ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው። እርስዎ አጥበው ያወጡት እሱን ነው።"

አባቴ አጎበሩን ትክ ብሎ አየው። እጁ ወደ አንገቱ ሄደ፤ ሜትሩን ሱቅ እንደተወው ትዝ ሲለው ተመለሰ።

"ገበሩን ነዋ ያወጣሁት" አለ።

"ይቅርታ?"

"የኮት ገበር። ከውጭ ሲያዩት የለም። ኮቱን ኮት የሚያደርገው ግን እሱ ነው። እኔ ገበሩን ቀድጄ ጥዬ ኪሱን ስጠልፍ ነው የሰነበትኩት።"

"እንደሱ ነው" አለች ዶክተሯ። "ከእኔ ይልቅ እርስዎ አስረዱት።"

"አያባብሉኝ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጄ እርጉዝ ሆና ይዟት ነበር። ትላንት ነው የሰማሁት። አሁን አትምጣ አለችኝ። እውነት አላት?"

ዶክተሯ ክንዶቿን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ፣ ለሕፃኗ እንደ ትልቅ ሰው ዝም ብሎ ክኒን እንደማይሰጣት፣ ዋናው መከላከያዋ አጎበሩና በዙሪያዋ ያለው ሰው ጥንቃቄ እንደሆነ ነገረችው። ትንኝ በሽታውን ከየትም አታመጣውም አለችው፤ ከታመመ ሰው ወስዳ ነው ለጤነኛው የምታቀብለው። "እርስዎ እዚያ ቤት ያለ ክኒን፣ ያለ ቅባት ቢቀመጡና ቢታመሙ፣ እርስዎን የነከሰችው ትንኝ ቀጥሎ የምታገኘው ማንን ነው?"

አባቴ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። "ይድገሙልኝ" አለ። "ከመጀመሪያው። ሁሉንም።"

ደገመችለት። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ተማሪ ሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ አቋረጣት፤ ቅባቱ ጨርቅ ያበላሻል ወይ ብሎ። አንዳንዱ ሊያበላሽ ይችላል፣ ከልብስ ውጭ በቀረው ቆዳ ላይ ብቻ ይቀቡት አለችው። ከተመለሱ በኋላ ወራት ቢያልፉም እንኳ ትኩሳት ቢያገኝዎት፣ ጉንፋን ነው ብለው ሳይተኙ በዚያው ቀን መጥተው ይመርመሩ፣ የት እንደነበሩም ይናገሩ አለችው። ከዚያ በተራው እንዲነግራት ጠየቀችው። ከክኒኑ እስከ ትኩሳቱ አንድ ሳይስት ወረደው። አንድ ቦታ ላይ "ቀዝቃዛ ውሃ" ሲል ድምፁ ትንሽ ሰለል አለ።

አዲስ አጎበር ሰጠችው። በማሸጊያው ውስጥ ይታያል፤ ስፌቱ ጠማማ ነው። አባቴ አየውና ዓይኑን ጨፈነ።

"ያኛውን ይተዉልኝ" አለች ዶክተሯ።

"ለመስኮት ይሆናል።"

"ለማስተማሪያ ነው። እዚህ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።"

ፊቱ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። "ምልክቱ ከታች ስለሆነ ዝቅ አድርገው ይስቀሉት" አለ። ምን ለማስተማር እንደሆነ አልጠየቀም። እኔም አልነገርኩትም።

ቤት እንደደረስን "ደውይላት" አለኝ። ደወልኩ። እህቴ "ሄሎ" ከማለቷ፣ ሰላምታም ሳያስቀድም ጀመረ። ክኒን፣ ቅባት፣ ምሽት፣ ቀን፣ ትኩሳት። እህቴ ጨርሶ እስኪተነፍስ ጠበቀችው።

"ክኒኑ የት ነው ያለው?" አለችው።

"ከቁልፍ መሳቢያ ወጥቷል። እናትሽ ጋ ነው። በተባለው ቀን አጠገቤ ትቆማለች።"

"ምን ለብሰህ ትመጣለህ?"

ዋጥ አደረገ። "ሰፊ።"

"ምን ያህል ሰፊ?"

"እንደልብ" አለ አባቴ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንደ ጥርስ ነው የተነቀለው።

"አጎበሩስ? ስፌቱ እንዴት ነው?"

"ጠማማ ነው።"

"አትነካውም?"

እናቴ ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ አየችው።

"አልነካውም።"

"ማል።"

"መቀሴን!" አለ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ "ያልነገርሽኝን ሰማሁ" አላት። "ክረምቱን።"

እህቴ ሕፃኗን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ስታዛውራት ተሰማኝ። "በሉ ኑ እንግዲህ" አለች በመጨረሻ። "ሁለታችሁም።"

ሰፊውን ልብስ የሰፋው ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ነው። ነጣ ያለ ሸሚዝና ሱሪ፤ ወገብ የለው፣ ትከሻ የለው፣ ሌላ ሰው አብሮት ሊገባበት ይችላል። ጥቁሩ ሙሉ ልብስ መስቀያው ላይ ሆኖ ሲሠራው ያየዋል። እኔም ፈቃድ አግኝቼ፣ ዶክተሯን ለራሴ አማክሬ፣ አብሬያቸው ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው፣ ሰውየው ሳይጠይቀው፣ "እኔ አይደለሁም የሰፋሁት" አለው። በሕይወቱ ሥራውን ሲክድ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት።

የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። እህቴ በር ላይ ቆማ፣ ጉንጩን ሳትስም መጀመሪያ ክንዱን አሸተተች። ቅባት ቅባት ይላል። ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"አባዬ፣ ጆንያ ለብሰህ ነው የመጣኸው?"

"አንቺው ነሽ ያዘዝሽው" አለ።

አማቻችን አዲሱን አጎበር ከአልጋው በላይ ሰቀለው። አባቴ እጁን ታጠበ፣ አጎበሩ ሥር ገብቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ፣ እህቴም ልጅቷን ክንዱ ላይ አስተኛችለት። የለበሰችው ሳይለካ ቆርጦ የላከላትን ቀሚስ ነው፤ እጅጌው ጣቶቿን ውጦታል። ሚሊሜትር አልተስተካከለም። አባቴ ግን ቀሚሱን አላየውም። እሷን ነው ያየው። ለረጅም ጊዜ።

እኔ ከመረቡ ውጭ ቆሜያለሁ። ከሕፃኗ ራስ በላይ፣ የአጎበሩ ስፌት ጠሞ ጠሞ መጥቶ ማዕዘኑ ላይ አንድ ክር አንጠልጥሏል። የአባቴ ዓይን ወደ ላይ ሄደ። ተመለሰ። ደግሞ ሄደ። አንድ እጁ ከልጅቷ ጀርባ ተነስቶ፣ ቀስ እያለ፣ ወደ ክሩ መጓዝ ጀመረ።

"አየሁህ" አለች እህቴ ከበሩ።

"ክሩ እኮ ነው። ክሩን ብቻ።"

"አባዬ።"

እጁ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ወረደና የአጎበሩን ጠርዝ ከፍራሹ ሥር አስገባው፤ ዙሪያውን፣ እጥፋቱን እያስተካከለ፣ የሱሪ ጫፍ እንደሚያጥፍ ሰው በጥንቃቄ። ሲጨርስ ጎተት አድርጎ ሞከረው።

"ይሄ እንኳ ይፈቀዳል?" አለ።

"ይሄ ይፈቀዳል" አለች እህቴ።

ደስ አለው። ልጅቷ ነቅታ አንጋጣ ታየዋለች። ጎንበስ ብሎ፣ እናቷ እንዳትሰማ፣ በእኔ ድምፅ ነገራት፤ "ስታድጊ እናስተካክለዋለን።"